መልስ፦ የሞቱ አሰልጣኛችን መታሰቢያ ይገባቸዋል

ሰላም ወንድሜ። «ክለባችን በሞት የተለዩትን የቀድሞ አሰልጣኝ ይዘክር ወይስ ገንዘቡ ለተጫዋቾች ደሞዝ ይዋል?» ብለሃል። እኔ በሙሉ ልቤ ይዘከሩ እላለሁ። ደሞዝ የተጫዋቹ መብት ነው፤ ከመታሰቢያ ጋር አታጋጨው።

ክለባችን ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደሆነ እኛ ትልልቆቹ እናውቃለን። ዛሬ ስታዲየም የሚገባው የ15 ዓመት ልጅ ግን ያኔ አልተወለደም። ለዚህ ክለብ ማን እንደለፋ በምን ይወቅ?

ወጪው ደግሞ ያን ያህል አያስፈራም። የእንግሊዙ ሊቨርፑል የቀድሞ አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ በ1981 እ.ኤ.አ. አረፈ። ክለቡ በዓመቱ በስሙ የብረት በር አቆመለት። በቃ፣ በር ነው! እስከ ዛሬ ግን ደጋፊው ፎቶ ይነሳበታል።

ለእኛ የሚሻለን በስማቸው ከ17 ዓመት በታች የሰፈር ውድድር ማዘጋጀት ነው። ከአላሙራ እስከ ታቦር ያሉ የሀዋሳ ልጆች ይጫወቱ። ዋንጫውን ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ይስጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰቡን ጠይቁ። ከለቅሶው ወዲህ ማንም ደጃፋቸውን ካልረገጠ፣ የስታዲየም ጭብጨባ ምን ያደርግላቸዋል?