ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሆዷን እዩ

ባለፈው ሳምንት ኖርዌይ የምትማር አንዲት ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ከባህር ዳር ድንጋይ ላይ ያነሳቻት ቀንድ አውጣ መዳፏ ላይ ተቀምጣለች። ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም። "ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ካለችው ጋር አትመሳሰልም። አዲስ ዝርያ ትሆን እንዴ?" ትላለች።

ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። መልሱን ለእሷ ብቻ ልልክ ነበር፤ ግን እንደ እሷ ባህር በሌለው አገር ተወልዳችሁ ባህር የምታጠኑ ሌሎችም አላችሁ። እኔም ደሴ ተወልጄ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ባህር ዳር፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ ስለይ ነው።

በወጣትነቴ እኔም አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብዬ ነበር። ማዕበል ያለ እረፍት የሚመታው ገደል ላይ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አየሁ። ዛጎላቸው ስስ፣ የዛጎሉ አፍ፣ ማለትም እግራቸውን የሚያወጡበት በር፣ ሰፊ ነው። ከገደሉ ጀርባ፣ ማዕበል በማይደርስበት በኩል ያሉት ደግሞ ትልልቅ ናቸው፤ ዛጎላቸው ወፍራም፣ አፋቸው ጠባብ። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ዘመዳሞች ናቸው ብሎ የሚገምት የለም። ሦስት ወር ለካሁ፣ ሣልኩ፣ ጻፍኩ። በእናቴ ስም ልጠራት ወስኜ ነበር።

ረቂቁን ያነበበው አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሴቷን ከፍተህ አይተሃል?"

አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ዛጎሉን ቀስ ብዬ ሰበርኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ስሱን ሽፋን በወረንጦ ገለጥ አደረግኩት። ውስጡ በልጆች ጢም ብሏል። ከጤፍ ያነሱ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው የተጠቀለለች የራሳቸው ዛጎል አለቻቸው። ያኔ ገባኝ። ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ ናት፤ እንቁላል የማትጥል፣ ልጆቿን ሆዷ ውስጥ አሳድጋ የምትወልድ፣ በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ ሁሉ የምትታወቅ። ከገደሉ ጀርባ ያሉትንም ከፈትኩ። እነሱም ያው ናቸው። ማዕበል ባለበት ድንጋዩን ቆንጥጦ የሚይዝ ትልቅ እግር ያስፈልጋል፤ ለዚያ አፉ ይሰፋል። ማዕበል በሌለበት ሸርጣን አለ፤ ሸርጣን እንዳይሰብረው ዛጎሉ ይወፍራል፣ አፉ ይጠባል።

ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልደብቃችሁም፣ አመመኝ። ታትሞ ቢሆን ግን ሸክሙ የሌሎች ይሆን ነበር። ይህች ቀንድ አውጣ እስከ ዛሬ ከ100 በላይ ስሞች ወጥተውላታል። የሚጸናው አንዱ ብቻ ነው፤ ጣሊያናዊው ኦሊቪ በ1792 የሰጣት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሙያችን ሕግ ቀዳሚው ስም ይገዛል። የቀሩትን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ናሙናቸውን ማየት፣ አንድ በአንድ ማጣራት ነበረበት። የዓለም የባህር ዝርያዎች መዝገብ ባለሙያዎች በ2015 ሲያስታውቁ፣ ከመረመሩት ወደ 419 ሺህ ከሚጠጋ ስም 190 ሺህ ያህሉ የተደጋገመ ነበር። ከእያንዳንዱ ጀርባ እንደ እኔ የቸኮለ ሰው ይታየኛል።

በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኛ ዘንድ ስም የሚወጣው ብዙ ከታየ በኋላ ነው።

አዲስ ዝርያ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ1978 ሊቶሪና አርካና የምትባል ተገለጸች። አርካና በላቲን ምስጢር፣ ስውር ማለት ነው። የምትኖረው ከሳክሳቲሊስ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ፣ ብሪታንያ ውስጥ፣ ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት በኖሩት ዳርቻ ነው። ዛጎሏን አይቶ መለየት ከባድ ነው። ሴቷን ስትከፍቱ ግን ልጆች የሉም። በልጆቹ ቦታ ዝልግልግ የሚያመነጭ እጢ አለ፤ እንቁላሏን በዝልግልጉ ጠቅልላ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ወንዶቹን እንኳ ዛሬም በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። "ዲኤንኤ ይፈታዋል" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተለመደው የሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሴል ኃይል ማመንጫ ክፍል፣ ዲኤንኤ ምርመራ እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ያንኑ ዲኤንኤ ይጋራሉ። ዲኤንኤውን ሥሩ፤ ግን ወረንጦውን አታስቀምጡ።

ዘመዶቼ "ቀንድ አውጣ ስም ኖራት አልኖራት ምን ይጠቅማል?" ይሉኛል። ብልሃርዚያን አስታውሳቸዋለሁ። በአገራችን ወንዞች የአንጀቱን ብልሃርዚያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሌላ ናት፣ የሽንት ቧንቧውን የምታስተላልፈው ሌላ። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ልብ ብሎ ስላየ ነው።

እሺ፣ ሁሉንም አይታችሁ፣ የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም መቆጠር ከጀመረበት ከ1758 ወዲህ የወጣውን ስም ሁሉ አገላብጣችሁ፣ አሁንም አዲስ ናት ካላችሁ ጻፉ። ከሌሎቹ በምን እንደምትለይ በግልጽ ጻፉ። አንዷን ሆሎታይፕ አድርጉ፤ ስሙ የሚታሰረው በእሷ ላይ ነው። የት ሙዚየም እንደምትቀመጥም አሳውቁ፤ ከ2000 ጀምሮ ያለዚህ ስሙ አይጸናም። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መሳቢያውን ስቦ ሊያያት ይገባል። እኔ ራሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰቡ ናሙናዎችን በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ወረቀታቸው ላይ ቦታና ቀን ያለባቸው ዛሬም ይሠራሉ። የሌለባቸው የሚያምር ዛጎል ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ፎቶውን የላክሽልኝ ልጄ፣ ወደዚያው ድንጋይ ተመለሺ። ሃያ ያህል ልቀሚ፣ ከማዕበሉም በኩል ከተከለለውም በኩል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ብላ እንዳገኘሻት ጻፊ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ሴቷን ክፈቺና ያየሽውን ላኪልኝ። ልጆች ናቸው ወይስ እጢ?