«መንዙማ» የ«ዜማ» ዘመድ ነው?

ጥያቄ፦ ሸዋ በር ሻይ እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ «መንዙማ» የመጣው «ዜማ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው ይላል። እኔ ዐረብኛ ነው ባይ ነኝ፤ ማስረጃ ግን አጣሁ። ደግሞስ «መንዙማ ዘፈነ» ይባላል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ እርስዎ ረተዋል። በጓደኛዎ ግን አልፈርድም። መንዙማ በዜማ ነው የሚባለው፤ የቃሉም መጨረሻ «ዙማ» ይላል። ጆሮ ቢሳሳት አይገርምም።

ጉዳዩን የሚያጋልጠው «ን» ነው። እንደ «መንቀጥቀጥ» ባሉ ቃላት «ን» ከግሱ ጋር የመጣ ነው፤ «አንቀጠቀጠ» እንላለንና። «አንዜመ» ያለ ሰው ግን ሰምተው ያውቃሉ? በዐረብኛ «ን» የሥሩ አካል ነው፦ ነ-ዘ-መ። «ነዝም» መጀመሪያ ዶቃን በክር መሰካት ነበር፤ ከዚያ ቃልን በልክ በልኩ ማሰለፍ፣ ማለትም ግጥም ሆነ። ፊት ላይ ያለው «መ» ደግሞ «የተደረገ» ለማለት ይገባል። ከ«ሐምድ» (ምስጋና) «ማህሙድ» (የተመሰገነ) ይወጣል። እንደዚያው ከ«ነዝም» «መንዙም»፣ በአንስታይ «መንዙማ»፤ የተሰካች፣ የተገጠመች። የዐረቡ ድምፅ ከኛ «ዘ» ይወፍራል፤ እኛ እንደ «ዙህር» ሶላት አቅጥነነዋል። የኛ «ግጥም»ም ከ«ገጠመ» መምጣቱ ደስ ይላል። አንዱ ከሌላው አልተዋሰም፤ ሁለቱም ግጥምን የሰየሙት ከእጅ ሥራ ነው።

ከሥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የትርጉሙ ጉዞ ነው። በዐረብኛ መንዙማ ለመሆን ድምፅ አያስፈልግም። በ13ኛው መቶ ዘመን ኢብን ማሊክ የዐረብኛን ሰዋስው ወደ 1000 በሚጠጉ ስንኞች ገጥሞታል፤ «አልፊያ» ይባላል። እሱም መንዙማ ነው! የግስ እርባታ በድቤ ሲባል አስቡት። ወሎ ላይ ግን ሸሆቹ የነቢዩን ውዳሴ ገጠሙ፤ እንደ ሸህ ጦልሐ ያሉት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ይህ አጻጻፍ «አጀም» ይባላል። አንዱ ሲያወጣ ጀመዓው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል፣ ይጨበጨባል። የጽሑፉ ስም ወደ ድምፁ ዞረ። ዛሬ ደሴ ላይ «መንዙማ» ሲባል ወረቀት የሚታየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዜማ» በበኩሉ የግዕዝ ቋንቋ ቃል ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የቅዱስ ያሬድ ስልቶች የሚጠሩበት።

ወደ ግሱ ስንመጣ፣ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ፉከራም ይፎከራል። መንዙማ ግን ከዐረብኛ ሲመጣ ግሱን አላስከተለም። «ነዘመ» አልሆነልንም። ስለዚህ «አለ»ን ተዋሰ፦ «መንዙማ አሉ»፣ «ሌሊቱን መንዙማ ሲባል አደረ»። ጋዜጣ ላይ «አዜመ» ይጻፋል፤ እሱንም አልነቅፍም። «ዘፈነ» ሰዋስው አያፈርስም፤ ሆኖም አማርኛ «ዘፈን»ን ለዓለማዊው ነው የተወው። «ቅዳሴ ዘፈነ» እንደማይሉት ሁሉ «መንዙማ ዘፈነ»ንም ይተዉት።