የእንግሊዞቹ ወንዝ እውነት ሰው ሠራሽ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሱሉልታ ነው የምኖረው። በግቢዬ ትንሽ ጅረት ታልፋለች፤ አፈሩ ዋልካ ነው። የድሮ የእንግሊዝ መኳንንት ግቢ ውስጥ ያለው ሰፊ ወንዝ ሰው ሠራሽ ነው ይባላል። እንዴት ሠሩት? እኔስ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ብዙው የተገደበ ጅረት ነው። ሰርፐንታይን የተባለውን የለንደን ሐይቅ ንግሥት ካሮላይን ናት በእ.ኤ.አ. 1730ዎቹ መጀመሪያ ዌስትቦርን የተባለውን ጅረት አስገድባ ያሠራችው። ብሌነም በተባለው የመኳንንት ግቢ ደግሞ በ1760ዎቹ የግቢ ንድፍ ባለሙያው ካፓቢሊቲ ብራውን ግላይም የተባለችውን ቀጭን ጅረት ሲገድባት ውሃው ከፍ ብሎ የትልቁን ድልድይ የታች ክፍሎች ሳይቀር ዋጣቸው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አደባበቁ ነው። ውሃው የሚያልቅበትን ጫፍ ጠምዘዝ አድርገው በዛፍ ይሸፍኑታል፣ ስለዚህ ቆሞ የሚያይ ሰው ወንዙ ከዛፉ ጀርባ የሚቀጥል ይመስለዋል። ለንደን ውስጥ ኬንዉድ በተባለው ግቢማ ኩሬው ጫፍ ላይ ማንም የማይሻገረው፣ ፊት ብቻ ያለው የእንጨት ድልድይ አቁመዋል!

ውሃው እንዳይሰርግ ሸክላ አፈር ለቤት ምርጊት እንደሚቦካው ጭቃ እያቦኩ፣ ወለሉ ላይ እየረገጡ ይደለድሉታል። ያንተ ዋልካም ውሃ ይይዛል፤ ግን በጋ ላይ ከደረቀ ተሰነጣጥቆ ያፈስሳል። ከመገደብህ በፊት ደግሞ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አነጋግር፣ ከብታቸውን የሚያጠጡት ከዚያችው ጅረት ሊሆን ይችላል።