የመልህቁን ሰንሰለት በውሃው ሙላት ልክ አስላ

ወንድሜ፣ ከሲያትል ወጥተህ ካናዳ ዴሶሌሽን ሳውንድ፣ ሜላኒ ኮቭ በምትባለው ትንሽ ወሽመጥ በጀልባህ ልታድር መሆኑን ጽፈህ «6 ሜትር ውሃ ላይ 30 ሜትር የመልህቅ ሰንሰለት ይበቃኛል?» ብለሃል። አይበቃህም። እኔ እዚያው ቦታ ዋጋ ከፍያለሁ፣ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም።

1. 6 ሜትር ያልከውን በስንት ሰዓት ነው የምትለካው? እዚያ ባሕሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ዝቅ ባለበት ሰዓት ከሆነ 6 ላይ 4 ጨምር፣ ከውሃው እስከ ጀልባህ አፍንጫ ያለውን 1 ሜትርም ጨምር፣ 11 ሆነ። ሰንሰለቱ የዚህ አምስት እጥፍ ይሁን፣ 55 ሜትር ነው። ሰንሰለት ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ ነው የሚነቅለው።

2. ቦታው ጠባብ ነው፣ ጀልባህ እንደልቡ አይዞርም። ኋላውን ከዳር እሰረው። 100 ሜትር የሚንሳፈፍ ገመድ ያዝ። ድንጋዩ ላይ ቀለበት ካገኘህ በእሱ አሳልፈህ ጫፉን ወደ ጀልባህ መልሰው። ስትሄድ አንዱን ጫፍ ለቀህ ሌላውን ትስባለህ፣ ዳር መውረድ የለም።

3. ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን የታይድ ሰንጠረዥ አስቀድመህ እይ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ሐምሌ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ገባን። ውሃው ፀጥ ብሏል፣ ባለቤቴ ጀበናዋን ጥዳለች። የጥልቀት መለኪያው 4 ሜትር አለኝ፣ 20 ሜትር ሰንሰለት ለቀቅኩና አምስት እጥፍ ነው ብዬ ተኛሁ። ኋላውን ማሰርም ታከተኝ። ማታ ውሃው ሞላ፣ ሰንሰለቴ ሁለት እጥፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። እኩለ ሌሊት ላይ ነፋስ ተነሳ። የቀሰቀሰን ከጀልባው ሥር ያለው መሪ ድምፅ ነው፣ ድንጋይ ላይ ግርር ሲል። ባትሪ ሳበራ የዛፍ ቅርንጫፍ ከመስኮቱ ክንድ አይርቅም። ከዚያ ውሃው መሸሽ ጀመረ፣ ጀልባው ቀስ እያለ በጎኑ ተጋደመ፣ ጀበናዋ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። ስልክ አይሠራም። ጎረቤት ያደሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ውሃው ሲመለስ በገመድ ጎትተው አወጡን። እግዜር ይስጣቸው።

መሪውና ፕሮፔለሩ 4,200 ዶላር አስወጣኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያቃጠለኝ የጥገናው ቢሮ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የጀልባውን ባለቤት ስልክ ስጠኝ» አለ። ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ የምዝገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። 11 ዓመት ታክሲ ነድቼ የገዛሁት ጀልባ ነው፣ አንድ ዶላር ዕዳ የለበትም። አንተም ወረቀትህን በፕላስቲክ አድርገህ ከእጅህ አትለየው።

ባለፈው በጋ እዚያው 9 ሌሊት አደርን፣ አንድ ክንድ አልተንቀሳቀስንም። እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ1792 ቦታውን ዴሶሌሽን፣ ማለትም ባድማ ብሎ ነው የሰየመው፣ እኔ አልስማማም። ጠዋት ከውሃው ላይ ጉም ሲነሳ፣ ቡናው ሲሸት፣ ልጆቼ ሲዋኙ አይቻለሁ። በበጋ ውሃው ይሞቃል፣ የዋና ልብስ እንዳትረሳ።

የምትገባበትን ቀንና የጀልባህን ርዝመት ጻፍልኝ፣ ሰንጠረዡን ከፍተን አብረን እናስላው።