ኤሌክትሮን ያጣ አቶም ለምን + ይሆናል?

«ሶዲየም ኤሌክትሮን አጣ እያልን ለምን + እንጽፍለታለን? ያጣ ነገር − አይሆንም ወይ?» ላልከው፦ ያምታታህ ምልክቱን እንደ ትርፍና ኪሳራ ማንበብህ ነው። ምልክቱ የሚነግርህ ፕሮቶን (+) እና ኤሌክትሮን (−) ከተቻቻሉ በኋላ የተረፈውን ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ነው። የሄደው ኤሌክትሮን ራሱ − ስለሆነ፣ ዕዳ ሲሰረዝልህ ኪስህ ሳንቲም ሳይገባበት ሂሳብህ ከፍ እንደሚለው ቁጠረው።

ሁልጊዜ ከፕሮቶን ላይ ኤሌክትሮን ቀንስ። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው፤ ገለልተኛ ሳለ 11 − 11 = 0፣ አንዱን ሲሰጥ 11 − 10 = +1። ክሎሪን በ17 ፕሮቶን ላይ 18ኛ ኤሌክትሮን ሲቀበል 17 − 18 = −1። በኬሚካዊ ለውጥ የፕሮቶን ቁጥር ንክች አይልም። «ሶዲየም ፕሮቶን ስላገኘ + ሆነ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ሳያውቀው ማግኒዥየም ሠርቷል፤ 12 ፕሮቶን ያለው እሱ ነውና። (ኤሌክትሮንን − ያደረገው የአሰያየም ልማድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ምልክቶቹን ያወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኤሌክትሮን የታወቀው ግን በ1897 እ.ኤ.አ. ነው።)

ሶዲየም ሁለተኛ ኤሌክትሮን የማይሰጠው ለምንድን ነው? የመጀመሪያውን ለማላቀቅ 496 ኪሎጁል በሞል ይበቃል። ሁለተኛው ግን 4562 ይጠይቃል፣ ዘጠኝ እጥፍ ግድም። እሱ ያለው በውስጠኛው ሙሉ ሼል (የኤሌክትሮን ድርብርብ) ስለሆነ ፕሮቶኖቹ ላሉበት እምብርት፣ ለኒውክለሱ፣ ይቀርባል፤ ከኒውክለሱ ስበት የሚከልለውም ኤሌክትሮን ጥቂት ነው። ማግኒዥየም በውጭኛው ሼሉ ሁለት ስላለው ሁለቱንም ሰጥቶ 12 − 10 = +2 ይሆናል። ብረት (Fe) ግን እንዲህ በአንድ ቁጥር አይወሰንም፤ ከ26 ፕሮቶኖቹ ጋር 24 ወይም 23 ኤሌክትሮን ይዞ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው የትኛው አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ) እንደሆነ ካልነገረህ ገምተህ አትጻፍ።

አጻጻፍ ላይ ነጥብ አትጣል፦ የአዮን ቻርጅ ከንጥረ ነገሩ ምልክት በስተቀኝ ከፍ ብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ይቀድማል፣ 2+ ይባላል። +2 የኦክሲዴሽን ቁጥር አጻጻፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከአንድ በላይ አቶም ባለው አዮን ላይ ነው። የሰልፌት 2− የኦክስጅኖቹ ወይም የሰልፈሩ ብቻ አይደለም፣ የጠቅላላው ነው፦ ሰልፈር 16፣ አራት ኦክስጅን 32፣ ድምሩ 48 ፕሮቶን፤ ኤሌክትሮኑ 50። አሞኒየም ላይም ናይትሮጅን 7፣ አራት ሃይድሮጅን 4፣ ድምሩ 11 ፕሮቶን ነው። ቻርጁ + ስለሆነ ኤሌክትሮኑ 10 እንጂ 12 አይደለም።