ሽታውንም ቁልፉንም ተከራይተሻል

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ነርስ ነኝ። ሰኔ መባቻ ላይ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛወርኩ። ቤት ፍለጋ ሦስት ቀን ከዞርኩ በኋላ ደላላው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ያለች አንዲት ክፍል አሳየኝ። መስኮቱን ስከፍተው ሐይቁ የእስጢፋኖስ ገዳም እስካለበት ደን ድረስ ተዘርግቶ ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም። በወር 2,500 ብር ተስማማን። አከራዬ እማማ የስድስት ወር ቅድሚያ ስለጠየቁ 15,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። የተጻፈ ውል የለንም።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። ልጃቸው ዓሣ አስጋሪ ነው። ጎህ ሲቀድ ያጠመደውን ይዞ ይመጣና ከበሬ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሮሶው ይፋቃል፣ አምባዛው ይዘረገፋል። ቅርፊቱ ነጭ ጋወኔ ላይ ተለጥፎ ጤና ጣቢያ ድረስ የተከተለኝ ቀን አለ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ደጄ ያድራል። ብናገር «ልጄ፣ ሐይቅ መጥተሽ ዓሣ ሸተተኝ ትያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

እሱንስ ለመድኩት። አሁን ግን ለኅዳር 26፣ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል፣ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ስላሉባቸው ክፍሌን ለሦስት ሌሊት እንድለቅላቸው ጠየቁኝ። «አንቺ ደሴ ቤተሰቦችሽ ዘንድ ትሄጃለሽ» አሉ። ትርፍ ቁልፍ እንዳላቸውም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እምቢ ብል ክፉ እባላለሁ፤ እሺ ብል ዕቃዬን የት ላድርሰው? መጥፎ ሰው እኮ አይደሉም፤ የታመምኩ ጊዜ አጥሚት ሠርተው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።

የሐይቋ ተከራይ

*

እህቴ፣

ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ቋጥረሽ ልከሽልኛል።

በዓሣው በኩል ከእማማ ጋር ነኝ። የዓሣ አስጋሪ ሰፈር ቤት በዘጠኝ ሰዓት አይታይም፤ መረብ ሲገባ በማለዳ ነው የሚታየው። ሽታው ካንቺ በፊት እዚያ ነበር። (ቆሮሶው ራሱ ለሐይቁ መጤ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በሰው እጅ ገባ። ቢሆንም ይቀድምሻል።) መፋቂያውን ወደ ግቢው ጥግ እንዲያዞሩት፣ ሆድ ዕቃውንም እንዲቀብሩት መጠየቅ ግን ትችያለሽ። የዝንቡን ነገር ከነርስ አፍ ሲሰሙት ይከብዳቸዋል።

ቁልፉ ሌላ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪ ሰብስበው ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ሐይቅ እንግዳ ሲያሳድር የኖረ አገር ነውና የእማማ ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን የሚያሳድሩት በራሳቸው ክፍል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ በተከራየው ቤት በሰላም እንዲጠቀም የማድረግ ግዴታ በአከራዩ ላይ ጥሏል። ኪራይ የተከፈለበትን በር ባለቤቷም ቢሆኑ ማንኳኳት አለባቸው። ለኅዳር 26 ከለቀቅሽ ጥምቀትና ፋሲካ ተከትለው ይመጣሉ፤ የእማማ ዘመድ ደግሞ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ክፍሉን አትስጪ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ካለሽም ምድጃ አውሺ፤ በዓሉ ዋዜማ ላይ ሽንኩርት ክተፊ። ይህን የምትነግሪያቸው ቡና ላይ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ዝም በይ፣ ቶናው ላይ ተናገሪ፤ በረካው ለእርቅ ይቀመጥ። «እማማ፣ ክፍሌን መልቀቅ አልችልም፤ ለእንግዶችዎ ግን ይህን ይህን አመጣለሁ» በይና አቁሚ። ምክንያት አታብዢ፤ ምክንያት ባበዛሽ ቁጥር መልስ ያበዙብሻል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። በሰኔ የከፈልሽው ቅድሚያ ኅዳር 30 ያልቃል፣ ከበዓሉ አራት ቀን በኋላ። ያኔ ባዶ እጅሽን አትቅረቢ፣ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በከተማችሁ እንዴት እንደሚሠራበት ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቂ። የከተማው መልስ ምንም ይሁን ምን፣ የወሩን ኪራይ፣ የመብራትና የውሃውን ድርሻ፣ «ያለ ተከራይዋ ፈቃድ አይገባም» የሚለውንም አጽፈሽ ሁለት ምስክር አስፈርሚ። ቀጣዩን ክፍያ በባንክ ላኪ።

የበሩን ቁልፍ በራስሽ ወጪ ለማስቀየርም አስፈቅጂ፤ አሮጌውን አስቀምጠሽ ስትለቂ ትመልሺላቸዋለሽ። ተደብቀሽ እንዳትቀይሪው፤ አጥሚት ያጠጡሽ ሴትዮ ናቸው።

ጋወንሽን ግን ጤና ጣቢያ ብታሳድሪው ይሻላል።