ጥያቄና መልስ፦ ወጣቶቻችን ጥሪያቸውን እንዲለዩና ኃላፊነት እንዲለምዱ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከ16 እስከ 22 ዓመት የሚሆኑ 30 ያህል አባላት አሉን። ብዙዎቹ «እግዚአብሔር ለምን እንደፈጠረኝ አላውቅም» እያሉ ይጨነቃሉ። ኃላፊነት ስንሰጣቸው ይሸሻሉ፤ የሚቀበሉትም ወይ ይታበያሉ፣ ወይ ጥቂት ወር ሠርተው ይጠፋሉ። ሥራው ሁሉ በእኔና በሁለት ወንድሞች ላይ ወድቋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅታችን፣ ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ወጣት ጥሪውን የሚለየው ብቻውን ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ አይደለም። አንድ ሥራ በእምነት ሲሰጠው፣ በዚያ ሥራ ሲፈተንና ሌሎች ሲመሰክሩለት ነው። ሐዋርያው ስለ ዲያቆናት ሲያዝዝ «እነዚህም ደግሞ አስቀድሞ ይፈተኑ» ያለው (1ኛ ጢሞ. 3፥10) ለዚህ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፤ ስሙን እንሰጥና ሥራውን እንከለክላለን። ወይም ሥራውን እንጭንና የመወሰን ሥልጣኑን እንይዛለን። የሚሸሹትም የሚታበዩትም ከዚህ ይወጣሉ።

በመጀመሪያ ጭንቀታቸውን አቅልዪላቸው። ሰው ለምን ተፈጠረ ለሚለው ቤተ ክርስቲያን መልስ አላት፦ ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ። ይህ ጥሪ ለሁላችንም አንድ ነው፤ የ16 ዓመቱም ልጅ ዛሬውኑ ሊኖርበት ይችላል። የግሉ የአገልግሎት ድርሻ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ወጣት የሚማረውን ሙያ ገና ስላልለየ ብቻ ከእግዚአብሔር ፈቃድ የወጣ ይመስለዋል። ይህን አንድ ሙሉ መርሐ ግብር ሰጥታችሁ አስተምሩ፤ የኤፌሶን መልእክት 2፥10ን መነሻ አድርጉ። ነርስ ሆና በሽተኛ የምታስታምም እኅትና በሐቅ የሚነግድ ወንድም ከመቅደስ ውጭ ስለሚውሉ ጥሪ የሌላቸው አይደሉም። «ስለ አንተ ራእይ ታይቶኛል» እያለ የወጣቱን የወደፊት ኑሮ የሚወስን ሰው ከመጣ ደግሞ ነገሩ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። በዚህ ዘመን ከዚህ የተነሣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆች ስላሉ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሙሴ አማት ዮቶር፣ ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም መክሮታል (ዘጸ. 18)። ከዚያ ምክር ለእናንተ የሚበቃው የመጨረሻው ነው፤ አሥር። ከአሥር ሰው በላይ ለጀማሪ አትስጡ። እንዲያውም 30ዎቹን በአምስት በአምስት ከፍላችሁ ስድስት ምድብ ብታደርጓቸው ይሻላል። በየምድቡ አንድ ተጠሪና አንድ ረዳት ይኑር፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ልኳልና (ማር. 6፥7)። በሦስት ወሩ ረዳቱ ተጠሪ ይሁን፣ አዲስ ረዳትም ይተካ፤ ተጠሪው የነበረው ሥራውን አስረክቦ ተራ አባል ሆኖ ይቀጥል። ወደ ተራ አባልነት መመለሱን እንደ ውርደት የቆጠረ ልጅ ካለ፣ ትዕቢቱ በትንሽ ሥራ ላይ ሳለ ታየ ማለት ነውና እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ በዚህ ደረጃ በምክር ይመለሳል።

ምድቦቹን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል አታቁሟቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአባላት ጉዳይ ይሥሩ፤ የቀሩትን መጠየቅ፣ የታመመን መጎብኘት፣ አዲስ የመጣን መቀበል። ጥር ላይ የጥምቀት ዝግጅት አለ። በዐቢይ ጾም የትምህርት ክፍሉን ይርዱ። ከትንሣኤ በኋላ ወደ ልማት ወይም ወደ ንብረት ክፍል ይለፉ። በክረምት ሕፃናቱን ያስተምሩ። መድረክ ላይ የማይናገር ልጅ የንብረት መዝገብ ሲይዝ ልዩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ድምፅዋ ስለሚያምር ብቻ መዝሙር ክፍል የተቀመጠች ልጅም ሕፃናትን ለማስተማር የተሰጠች ሆና ትገኛለች። በአንድ ክፍል ብቻ የቆየ ወጣት ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ለመፈተኛ የሕፃናት ክፍልን የሚያህል የለም። በአብነት ትምህርት ቤት (በቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤት) ፊደል የለየው ለማይለየው ያስቆጥራል፣ ቀድሞ ያጠናው ለታናሹ ያስቀጽላል (በቃሉ እያለ ያስከትለዋል)፤ ሊቃውንቱ መምህርነትን የለመዱት ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሕፃናት ስጡት፤ የትምህርቱ ጊዜ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ሐሙስ ማታ የሚያስተምረውን በአንድ ገጽ ጽፎ ያሳይ፦ ምን እንደሚነበብ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚዘመር። ሕፃናት አይዋሹም፤ ያልተዘጋጀ መምህር ፊት አሥር ደቂቃ አይቀመጡም። ወጣቱ ማንም ሳይገሥጸው መዘጋጀትን ይማራል።

ሥራ ስታስረክቡ አራት ነገር ግልጽ ይሁን፤ ምን እንዲሠራ፣ እስከ መቼ፣ በምን ያህል ገንዘብ ወይም ዕቃ፣ እስከ ምን ድረስ ራሱ መወሰን እንደሚችል። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከአራተኛው ነው። ለጥምቀት ምንጣፍ የሚያነጥፈውን ምድብ እንውሰድ። «ምንጣፉን አንተ ያዝ» ብቻ ከተባለ ተጠሪው ያለው ጭንቀት ብቻ ነው። ነገር ግን «10 ልጆች አሉህ፤ አምስቱ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ አምስቱ ወደ ፊት አድርሰው ያነጥፋሉ፤ በየ20 ደቂቃው የሚያቀያይራቸው አንተ ነህ፤ ውኃ የሚያቀብል አንድ ሰው መድብ፤ መንገዱን የሚወስኑት ግን አስተዳዳሪው ናቸው፣ እርሱን አትንካ» ከተባለ ድንበሩን ያውቃል፣ በድንበሩ ውስጥም ይመራል። ከዚያ በኋላ በእርሱ ድንበር ገብታችሁ ልጆቹን አትዘዙ። ስሕተት ብታዪ እንኳ ሰው የሚጎዳ ወይም ታቦቱን የሚያስተጓጉል ካልሆነ ታገሺ፤ በማግሥቱ ለብቻው ንገሪው። በጓደኞቹ ፊት የተነቀፈ ተጠሪ በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም፤ «ጠፉብን» የምትያቸው ብዙዎቹ በዚህ የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድምህ ቢበድልህ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» የሚለው የጌታ ትእዛዝ (ማቴ. 18፥15) ለሰብሳቢዎችም ነው።

ስብሰባ መምራትንም አስተምሯቸው። በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ይዘጋ፣ ከ45 ደቂቃ አይለፍ፣ አጀንዳው ከሦስት አይብለጥ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ የተባለውን ሁሉ አይጻፍ፤ የተወሰነውን፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። የሚቀጥለው ስብሰባ ያንን በማንበብ ይጀምር። ይህ ልማድ ብቻውን ግማሹን ወሬ ይቀንሳል።

ገንዘብ ላይ ግን አትላሉ። አንድ ወጣት ለብቻው ገንዘብ አይያዝ፤ ምንጊዜም ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ይቁጠር አንዱ ይመዝግብ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ገቢው በደብሩ በተፈቀደ ደረሰኝ ይሁን፣ ወጪው ያለ ማስረጃ አይወራረድ፣ ሒሳቡም በየወሩ ለአባላት ይነበብ። ይህን የምናደርገው ልጆቹን ስለጠረጠርን እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ከሌሎች ወንድሞች ጋር አድርጓል (2ኛ ቆሮ. 8፥18–21)። በወጣትነቱ በ300 ብር የታማ ልጅ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከቤተ ክርስቲያን ሊርቅ ይችላል፤ የሁለት ሰው ፊርማ የሚጠብቀው እርሱን ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ጥሪውን ወደ መለየት ተመለሱ። እያንዳንዱ ወጣት በሰባት ቀን ጸሎት ውስጥ ሆኖ በደብተሩ ይጻፍ፦ ማንም ሳያስታውሰኝ የሠራሁት የትኛውን ነው? የማን ችግር ነው እንቅልፍ የነሣኝ? በሠራሁት ማን ተጠቀመ? ደክሞኝ እንኳ ደስ ያለኝ መቼ ነው? ከዚያ አብረውት የሠሩ ሦስት ሰዎች ያዩበትን አንድ ጸጋና አንድ ድካም ይንገሩት። የልስጥራንና የኢቆንዮን ወንድሞች ስለ ጢሞቴዎስ መስክረውለት ነበር (ሐዋ. 16፥2)፤ የሌሎች ምስክርነት ራስን ከማታለል ያድናል። የጻፈውንና የሰማውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። አባቱ «ቆይ» ቢሉት ይቆይ። ደስታን ብቻ መለኪያ እንዳያደርግ አስጠንቅቁት፤ ሙሴም ኤርምያስም የተጠሩበትን ሥራ ወደውት አልጀመሩም።

ስለ ሦስት ነገር ደግሞ ላሳስብሽ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ከጥር ጀምሮ ከኃላፊነት አሳርፏቸው፤ ለቅዳሴና ለትምህርት ብቻ ይምጡ። በአገልግሎት ምክንያት የወደቀ ልጅ ወላጆቹ ታናናሾቹን ይከለክላሉ። ሁለተኛ፣ እኅቶችን ከምግብና ከጽዳት ሥራ ብቻ ጋር አታስሯቸው፤ በተጠሪነት፣ በጸሐፊነት፣ በሒሳብ ሥራ ተራቸው እኩል ይድረስ። የሌሊት ጉዞና አዳር ሲኖር ግን ታላላቆች በሌሉበት ወንዶቹንና ሴቶቹን ለብቻቸው አትላኩ። ሦስተኛ፣ የጠፋውን ተጠሪ ስሙን ከመዝገብ አትፋቁት። ዮሐንስ ማርቆስ ከጵንፍልያ ተለይቶ ተመልሶ ነበር፤ ጳውሎስ ሊወስደው ባይፈቅድም በርናባስ ይዞት ሄደ። በኋላ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል» ብሎ ያስጠራው ራሱ ጳውሎስ ነው (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ ለምን ቀረህ ብሎ ሳይሆን እንዴት ሰነበትክ ብሎ። ሲመለስ የቀድሞውን ሳይሆን አነስ ያለ ሥራ ስጡት።

አንቺና ሁለቱ ወንድሞች ደግሞ በዚህ ሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሩ፤ የበር ቁልፍ ከመያዝ እስከ መምህር መጋበዝ። ከዝርዝሩ አጠገብ የሚረከበውን ልጅ ስም ጻፉ። ስም ያልተገኘለት ሥራ ካለ ለዚያ የሚሆን ሰው ገና አላዘጋጃችሁም። በቃለ ዓዋዲው (በቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ) የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነት እስከ 30 ዓመት ነውና እናንተም በቅርቡ ትወጣላችሁ። ወጣቶች ደብሩን በሚያስተዳድረው የካህናትና የምእመናን ጉባኤ፣ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ተወካይ አላቸው፤ የእናንተ ተወካይ ወደ ስብሰባው ሲሄድ ከተጠሪዎቹ አንዱን በተራ ይዞ እንዲገባ አስተዳዳሪውን በደብዳቤ ጠይቁ። ከፈቀዱ ልጁ ለሦስት ወር ያዳምጥ፣ ከዚያ የወጣቶቹን ሪፖርት እርሱ ያቅርብ።